የረግረጉ አፈር የት ገባ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ስብሰባው ዓርብ ሆነ። ፋብሪካው ለእርሻ መሬት ብሎ ረግረጉን የሚያደርቅ ሁለተኛ ቦይ ይቆፍር አይቆፍር የሚወሰነው በእኔ ሪፖርት ነው። የአካባቢ ጥበቃ ቢሮው ቴክኒሻን ነኝ፤ ባልዲ ጭቃው ላይ እደፋለሁ፣ ከሥሩ የሚወጣውን አየር በስሪንጅ ስቤ በብልቃጥ አድርጌ አዳማ ላለው ላቦራቶሪ እልካለሁ። ምድርን የሚያሞቀው ሚቴን የሚባለው ጋዝ ውሃው ካለበት ይወጣል፤ ካቻምና በተቆፈረው ቦይ ዳር፣ በደረቀው መሬት፣ የለም ማለት ይቻላል። አለቃዬ ደስ አላቸው። ፋብሪካውማ አየሩን እያጸዳሁ ነው ማለት ጀምሯል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

የመጨረሻውን ናሙና ልወስድ ሄድኩ። ፀሐይ፣ ቢንቢ፣ እስከ ጉልበት ጭቃ። ከብቶቻቸውን እዚያ የሚያሰማሩት ሽማግሌ፣ ኦቦ ገመቹ፣ በደረቀው በኩል ወዳለው አጥራቸው ወሰዱኝ። ቦዩ ሳይቆፈር የተከሏቸው ቋሚዎች፣ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ከነበረው ክፍላቸው ስንዝር ያህሉ ከመሬት በላይ ወጥቷል።

"ውሃውስ በቦዩ ሄደ። አፈሩ የት ገባ፣ ልጄ?" አሉኝ።

ጎርፍ ወስዶት ይሆናል አልኳቸው። ጎርፍ አልመጣም አሉ።

ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ሳለሁ ነገሩ ገባኝ። የረግረግ አፈር ስንት ዘመን የተከማቸ ሥርና ቅጠል ነው፤ ውሃ ውስጥ ሳለ ቶሎ አይበሰብስም። ሲደርቅ ጥቂቱ ተጨምቆ ዝቅ ብሎ ይሆናል፤ የቀረው ግን በስብሶ፣ ምድርን የሚያሞቅ ሌላ ጋዝ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሆኖ አየር ላይ ወጥቷል። ያንን አልለካሁም። ሚቴን ለኪ ተባልኩ፣ ሚቴን ለካሁ፣ አበቃ። በራሴ ተናደድኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ለአለቃዬ ነገርኳቸው። ሪፖርቱ ላይ ማኅተም ካረፈ በኋላ ምን ይደረጋል አሉ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የወረቀት ደግሞ ይብሳል።

ምሳ አልበላሁም። ኮንትራቴ ጥር ላይ ያልቃል። ፈርቻለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ተነስቼ ተናገርኩ። "ሪፖርቱ ግማሽ ነው፤ ያጎደልኩት እኔ ነኝ" አልኩ። ስለ አጥሩ ቋሚዎችም ነገርኳቸው። የፋብሪካው ሰው ፈገግ አለ። አለቃዬ አቀርቅረው ወረቀታቸውን አዩ። በመጨረሻ ሰብሳቢዋ ወሰኑ፦ ካርቦን ዳይኦክሳይዱንም እንድለካ፤ ቁፋሮው ግን ሰኞ እንዲጀመር።

ከግቢው ስወጣ ለኦቦ ገመቹ ደውዬ ውሳኔውን ነገርኳቸው። ለክተሽ እስክትጨርሺ አይጠብቁም ወይ አሉ። አይጠብቁም አልኳቸው።

"እንግዲያ ነገውኑ ነይ። ውሃው ሳይሄድ ለኪው፤ ኋላ የጎደለው እንዲታወቅ" አሉኝ።

ነገ ቅዳሜ ነው፤ ማንም አላዘዘኝም። እሄዳለሁ።