ከኋላዬ ያለው ሰው

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለኤሜሪክ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ማጅራትህን የያዘህ ነገር ለቀቀህ ወይስ አሁንም አንገትህን ደግፈህ ነው የምትዞረው? ሚሬላ እንዴት ናት? ትንሿ ልጃችሁ ዞኤስ ጥርስ አወጣች? የእማዬ ጉልበትስ? አውሎ ነፋሱ ደሴታችንን ሳይነካ አለፈ ሲሉ ሰምቼ እፎይ አልኩ። እኔ ደህና ነኝ። ማለቴ፣ እስካሁን ደህና ነኝ።

ስልክ እያለ ምን አስጻፋት እንዳትል። ስደውል እማዬ ድምፁን ከፍ አድርጋ ለጎረቤት ሁሉ ታሰማለች፤ ይህን የምነግረው ደግሞ ላንተ ብቻ ነው።

የላካችሁልኝ የሚያቃጥል የማንጎ አቻር ደርሶኛል። ታንጊ በማንኪያ እየዛቀ፣ እንባው እየወረደ ጨረሰብኝ። የሰሜኑ የብሬታኝ ልጅ ከቅቤ ሌላ ምን ያውቃል! እሱን መቼም አትረሳውም፤ ፓሪስ ከመጣሁ ጀምሮ ባድሜንተን በጥንድ የምጫወተው ከሱ ጋር ነው። የፈረንሳይን ዋንጫ አብረን በላን፣ ለዴንማርክ ክለብ ተቀጥረን በዚያ ብርድ አብረን ተንከራተትን። አሁን ለኦሎምፒክ የሚያሳልፈን አንድ ውድድር ብቻ ቀርቶናል፤ ከፋሲካ በኋላ እዚሁ ይደረጋል። ከወደቅን እሱ ዕድሜው ሄዷል፣ የኔንም ቦታ የሚፈልጉ ልጆች ሞልተዋል።

አጨዋወቱን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ሴቷ መረቡ ሥር፣ ወንዱ ከኋላ። እሱ ዘሎ ሲመታ ባለ ላባዋ ኳስ በጆሮዬ ሥር እያፏጨች ታልፋለች፤ እኔ ዞሬ አላይም፤ የዞረ ፊቱን ይመታልና። ከኋላዬ ያለውን የማውቀው በድምፁ ነው። «ያንቺ!» ካለኝ እሄዳለሁ፣ «የኔ!» ካለ እተዋለሁ። እንዲህ ተማምነን ነው እዚህ የደረስነው።

ከገና በኋላ ልምምድ ላይ አንዱ ጎረምሳ በቅርብ የመታት ኳስ የታንጊ ግራ ዓይን ላይ አረፈች። ትንሽ አርፎ ተመለሰና ሐኪሙ ደህና ነህ ብሎኛል አለን። ከዚያ ወዲህ ግን በግራ የሚመጣውን ሁሉ «ያንቺ!» ይለኛል። እኔ መረብ ሥር ሆኜ በየት በኩል ልድረስበት? መጀመሪያ ሰነፈ ብዬ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ጡረታ ወጣህ እንዴ?» እያልኩ አላገጥኩበት። እየሳቀ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ባለፈው ማክሰኞ ምሳ ላይ በግራው ተቀምጬ ዳቦ ዘረጋሁለት። እጄ አየር ላይ ቀረ። አሰልጣኛችን ሲልቫን፣ «ኧረ ልጅቷ እጇ ዛለ፣ ተቀበላት!» ሲለው ነው የደነገጠው። ሲልቫን ሳቀ፤ እኔ ግን የታንጊን ግራ ዓይን ትኩር ብዬ አየሁ።

ከምሳ በኋላ ልብስ መቀየሪያው በር ላይ ይዤው አፋጠጥኩት። አልካደም። በግራ ዓይኑ ጥላ ብቻ ነው የሚታየው፤ ሐኪም ዘንድም ጭራሽ አልሄደም። «ኦርያን፣ በእናትሽ፣ ከውድድሩ በኋላ እሄዳለሁ። አሁን ከተናገርሽ ሁለታችንም ቤታችን ገባን» አለኝ። ዓይንህ ጨርሶ ቢጠፋስ ስለው፣ «ሌላ አለኝ አይደል?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ አስጠላኝ።

አሁን ድምፁን ማመን አቅቶኝ መዞር ጀምሬያለሁ። ትናንት ስዞር የራኬቱ ጫፍ ቅንድቤን ጫረኝ። እሱ እዚያ መኖሬን እንኳ አላየም። ሲልቫን ከዳር ሆኖ፣ «ጎበዝ! እንዲህ ተጠጋግታችሁ ተጫወቱ!» እያለ ያጨበጭባል። ኤሜሪክ፣ ፈርቻለሁ። ልናገር ብዬ ሲልቫን ቢሮ በር ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ለታንጊ አዝኜ ነው ብልህ ውሸት ነው፤ ውድድሩን እኔም እፈልገዋለሁ። እጫወታለሁ።

ሚሬላን በጣም ናፍቃሻለች በልልኝ። ዞኤን ጉንጯን ሳምልኝ። አያታችንን ለኔ የሚጸልዩትን እንዳያቋርጡ ንገርልኝ፣ ለታንጊም ይጨምሩ። እማዬን አጥብቀህ እቀፍልኝ። ጨዋታው በቴሌቪዥን ይተላለፋል አሉ፤ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስባ እንደምትጠብቅ አውቃለሁ። ያን ቀን የሆነ ሰበብ ፈልግና ወደ ባሕሩ ዳርቻ ውሰዳት። የሚደርስብኝን በዓይኗ ከምታይ ካንተ አፍ ትስማው።

እህትህ ኦርያን
ፓሪስ፣ ማርች 12 ቀን 2016 እ.ኤ.አ.