ከሰማይ ወይስ ከብየዳ

ሚያዝያ 6
እስከ ምሳ ስብሰባ። ምንም አልተወሰነም። ከሰዓት ረይሃና መጣች፤ የማማክራት የማስተርስ ተማሪ። በብልቃጥ ጥቁር ጭቃ ይዛ። አሰንዳቦ ካለው የአጎቷ ቡና መጋዘን ጣሪያ የወረደ። የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ። እዚህ አገር ያንን ውሃ በርሜል የሚያስገባ የለም፤ ጣሪያ ይጠብ ተብሎ ይለቀቃል። እሷ በጨርቅ አጥልላ ያዘችው። ብልህ ናት... እሱም ያሳስበኛል።

ሚያዝያ 9
ጭቃውን አጥባ በማግኔት ለየችው። በማይክሮስኮፕ አየሁ። ጥቁር፣ ድቡልቡል ቅንጣቶች።
"የጠፈር ብናኝ ነው፣ ዶክተር።"
ይህን ያህል? በዚህ ፍጥነት?
አይሆንም አልልም። ጠጠር የሚያህለው አየር ውስጥ ነዶ ያልቃል። ብናኝን ትንሽነቱ ያድነዋል። አየሩ ገና ስስ በሆነበት ከፍታ ፍጥነቱን ያጣል፤ ሙቀቱንም ቶሎ ይተፋል። አግድም ከገባ ደግሞ የተሻለ ዕድል አለው። ከፊሉ ሳይቀልጥ ይወርዳል፤ ከፊሉ ቀልጦ፣ ተድቦልቡሎ፣ እንደገና ረግቶ።
ግን የብየዳ ፍንጣሪም ይድቦለቦላል። በማግኔትም ይነሳል። መጋዘኑ አጠገብ በያጅ አለ ወይ?
"የለም፣ ወላሂ።"
የጠየቅኳት መልስ ብቻ ነው። መሐላ ምን አመጣው?

ሚያዝያ 11
ሳልነግራት አሰንዳቦ ሄጄ አየሁ። በያጅ የለም። ዛሬ የለም... አምናስ?

ሚያዝያ 14
እዚሁ ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር፣ ሰሚር ብየዳ ቤት። ማግኔቴን በፌስታል ጠቅልዬ ደጃፉን ጠረግኩ። ሰሚር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሳቀ።
"ዶክተር፣ ወርቅ አገኙብኝ እንዴ? ሜ፣ እስቲ ያሳዩኝ!"
"ቆሻሻህን ነው።"
"ለእርስዎ በነጻ! ነገ መጥረጊያም ይዘው ይምጡ።"
የለቀምኳቸውን ፍንጣሪዎች አንድ በአንድ ፎቶ አነሳሁ። ረይሃና ለሰላት ስትወጣ የአሰንዳቦ ቅንጣቶቿ ያሉበት ሳህን ውስጥ ጨመርኳቸው። ለይታ ካወጣቻቸው የመመረቂያ ጽሑፏ ላይ እፈርምላታለሁ። ከሰማይ ናቸው ካለች... ፈታኞች ፊት አትቀርብም፤ ዲፌንስ የለም።

ሚያዝያ 15
"ይሄ ብየዳ... ይሄም ብየዳ። ትናንት አልነበሩም እኮ! ማን ነካው?"
በልቤ ቆጠርኩ። የእኔን በሙሉ አወጣች፤ ከአንዷ በስተቀር። እሷን ከሰማይ ከወረዱት ጋር አኖረቻት።
ያዝኩሽ!
ቅንጣቷን አዲስ አበባ ለፋንቱ ላክሁ። አብረን የተማርን ነን፤ የተሻለ መሣሪያ አላት።

ግንቦት 5
ፋንቱ ደወለች። "እንኳን ደስ አለህ። የሰማይ ናት።"
"ተሳስተሻል። ብየዳ ናት።"
"አካሏ የቀለጠ ድንጋይ ነው፣ ኒኬልም አላት። ጅማ ድንጋይ የሚበይድ አለ እንዴ?"
"እንደገና እዪው።"
"ሁለቴ አይቻለሁ። አንተ ሰው፣ አንድ ቀን እንኳ አሜን በል!"

ግንቦት 6
እንግዲህ ሰሚር ደጃፍ ወድቃ ነበር። ከፍንጣሪው ጋር ጠርጌ ያመጣኋት እኔ። እኔ ያላየሁትን ልጅቷ አየች።
አሁን ግን ጽሑፏ ላይ "አሰንዳቦ" ተብላ ገብታለች። ሐሰት ነው፤ ያስገባሁትም እኔ ነኝ። ዝም ብል ማን ያውቃል? ብናገር ፈታኞቹ ሳህኑን በሙሉ ሊጥሉባት ይችላሉ። የማስተርስ ልፋቷ...
ሐሰት የገባበት ጽሑፍ ላይ አልፈርምም። እስከ ዛሬ አልፈረምኩም።

ግንቦት 8
ነገርኳት። ቆማ ሰማችኝ።
"ሌላስ ምን ጨመሩ፣ ዶክተር?"
"ሌላ የለም።"
"በምን ልመን?"
ፎቶዎቹን ሰጠኋት። ከጣለቻቸው ጋር አንድ በአንድ አስተያየቻቸው። ሁሉም ተገኙ። ቢሆንም እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

ግንቦት 9
ያቺን ቅንጣት ከአሰንዳቦዎቹ ለይታ ለብቻዋ አስቀመጠቻት። የሆነውን ሁሉ ጽሑፏ ውስጥ አስገባች፣ ስሜንም ጭምር። እንድታለዝበው አልጠየቅኳትም። ፈታኞቹ ምን ይሉ ይሆን?
"ሳህኑ ያለበት ካቢኔት ቁልፍ እስከ ዲፌንስ እኔ ጋ ይቆይ" አለች። ሰጠኋት። እኔም ብሆን ይህንኑ ነበር የማደርገው።
ከሰዓት የረሳሁትን መነጽር ልወስድ ላብራቶሪ ተመለስኩ። በሩን ከፈተችልኝ። እስክወጣ ድረስ እጆቼን እያየች ቆመች።