ኤፍራይን የሚያልፍበት በር

ቅዳሜ፣ ማርች 1

ትናንት ቁልፉን ተረከብኩ። ዛሬ ጧት ብቻዬን ገባሁ። አምስተኛ ፎቅ፣ አንድ መኝታ ቤት፣ ግራንድ ኮንኮርስ ጎዳናን ቁልቁል የሚያይ መስኮት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ ሕንፃ ነው... ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ከፍ ያለ። የእንፋሎት ማሞቂያው እንደ ሽማግሌ ያስላል። ቀለሙ ተልጧል፣ የወጥ ቤቱ ቁም ሣጥን አልዘጋ ብሏል። ይሁን። የኔ ነው።

የኔ ስል እንግዲህ... እንዲህ ዓይነት ሕንፃ ውስጥ ቤቱን ሳይሆን የሕንፃውን ድርሻ ነው የምትገዛው። ግድግዳ ልንካ ካልክ የነዋሪዎቹን ቦርድ ታስፈቅዳለህ። ለምን እንደምገዛው ግን ገና ሳልገዛ፣ ቦርዱ ሲመረምረኝ ነግሬያቸዋለሁ። ወንድሜ ኤፍራይን ከጣሪያ ወድቆ እግሩ ከዳው፤ የነበርንበት ቤት ደረጃ ብቻ ስለነበረው የሕሙማን መንከባከቢያ ተቋም ገባ፣ እዚያው ቀረ። አሁን አሳንሰር ያለው ቤት አገኘሁ። አወጣዋለሁ። ሰምተው ፈገግ አሉ።

ከሰዓት በኋላ የመታጠቢያ ቤቱን በር ለካሁ። ለዊልቸሩ አራት ጣት ይጎድለዋል፣ አያሳልፍም። ሳልገዛው አልለካሁትም እንዴ? አሳንሰሩን ለካሁ፣ መግቢያውን ለካሁ፣ መኝታ ቤቱን ለካሁ... ይሄን ዘለልኩት። ጅል! ደግሞስ ምን ይሆናል? ግድግዳ ነው፣ ይፈርሳል።

ማክሰኞ፣ ማርች 4

አግሮን መጣ። አልባኒያዊ ነው፣ የዚህን ሰፈር ቤት ግማሹን ያደሰው እሱ ነው ይባላል። በዕድሜ እየበለጠኝ "እናቴ" ይለኛል።

ግድግዳውን አንኳኳ፣ ጆሮውን ለጠፈ፣ ራሱን ነቀነቀ። በሩ ባለበት በኩል የሁሉም ፎቅ የእንፋሎት ቧንቧ ያልፋል፣ አይነካም። ያለው መንገድ ከመኝታ ቤቱ በኩል፣ የግድግዳ ቁም ሣጥኑን አፍርሶ ሰፊ በር መክፈት ነው። ከዚያ ግድግዳ ወዲያ ደግሞ የፊት መታጠቢያው ሲንክ ተተክሏል። ሲንኩን ቁም ሣጥኑ ወደነበረበት ጎን አንድ እርምጃ መግፋት ነው አለ። እሺ አልኩ። አንድ እርምጃ ምን አላት?

ሐሙስ፣ ማርች 13

የቦርዱ ሰዎች እምቢ አሉ።

የቦርዱ ሊቀመንበር ወይዘሮ ሃርግሮቭ ናቸው። የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበሩ፣ አሁንም ሰውን ሲያዩ ክፍል የረበሸ ተማሪ የያዙ ይመስላሉ። መግቢያው አዳራሽ ውስጥ አስቁመው ነገሩኝ። የሕንፃው ሕግ ነው፤ ውሃ ከሰው መኝታ በላይ አይተከልም። መታጠቢያ ቤት ከመታጠቢያ ቤት በላይ፣ ወጥ ቤት ከወጥ ቤት በላይ። የኔ ሲንክ አንዲት እርምጃ ከተገፋ አራተኛ ፎቅ ካሉት ከሚስተር ፓስተርናክ አልጋ በላይ ያርፋል። እሳቸው ከፈቀዱ ግን ቦርዱ ያየዋል።

አንድ ሽማግሌ ነው እንግዲህ። አሳምናቸዋለሁ።

አርብ፣ ማርች 14

የሥጋ ፓስቴሊዮ፣ የኛን ሳምቡሳ፣ ጠብሼ አራተኛ ፎቅ ወረድኩ። በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈቱልኝ። ሳህኑን ተቀበሉኝ፣ የኤፍራይንንም ነገር ሰሙኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ነገሩኝ፤ ከኔ በፊት የነበረችው ሴትዮ የገንዳዋን ውሃ ከፍታ እንቅልፍ ወሰዳት፣ ውሃው ሞልቶ ፈሰሰ፣ የሚስተር ፓስተርናክ ጣሪያ አልጋው ላይ ወረደ። ሚስታቸው ታመው የተኙበት አልጋ ላይ።

ምን ይባላል? አዝናለሁ አልኳቸው።

"እኔም ስለ ወንድምሽ አዝናለሁ" አሉ። "አልፈቅድም።"

በሩን ዘጉት። ፓስቴሊዮው ግን እዚያው ቀረ።

ቅዳሜ፣ ማርች 22

ወይዘሮ ሃርግሮቭ ራሳቸው ደወሉ። መላ አግኝተዋል። አሮጌውን በር ከነመቃኑ መንቀል፣ በቦታው መጋረጃ መስቀል። አራት ጣቱ ይገኛል። ቧንቧ አይነካ፣ ውሃ አይንቀሳቀስ፣ ማንንም ማስፈቀድ የለ።

ልቤ ቅቤ ጠጣ። እግዜር ይስጥልኝ ብያቸው ሄጄ መጋረጃ መረጥኩ። ሰማያዊ።

እሑድ፣ ማርች 23

መንከባከቢያው ሄጄ ለኤፍራይን ነገርኩት። ቴሌቪዥኑን አጠፋ።

"መጋረጃ ከሆነ አልመጣም።"

ደሜ ፈላ። ያለኝን ሁሉ አራግፌ የገዛሁት ለማን ብዬ ነው? ለጌታዬ መጋረጃ አነሰው? ይሄንና ሌላም አልኩት። ደግነቱ ድምፄን ቀንሼ ነው፣ አጠገቡ ሰው ተኝቷል... ከመጋረጃ ወዲያ።

ሁሉንም ጨርሼ እስክተነፍስ ጠበቀኝ። "ሚጊ፣ ዘጠኝ ዓመት መጋረጃ ውስጥ ነኝ" አለ። "ሽንት ቤት ተቀምጬ ሰው ይገልጠዋል። መድኃኒት የያዘውም፣ መጥረጊያ የያዘውም፣ መንገድ የጠፋውም። አንድ ቀን አንኳኩተው አያውቁም። አንቺም አታንኳኪም።"

አውቶቡስ ውስጥ አለቀስኩ። ያናድዳል! ከአግሮን ጋር ተማከርኩ፣ ከቦርዱ ጋር ተከራከርኩ፣ ፓስተርናክን ለመንኩ። እሱን ምን ትፈልጋለህ ብዬ ጠየቅኩት? አልጠየቅኩትም።

ሰኞ፣ ማርች 24

መጋረጃውን መለስኩ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 2

አግሮን ተስፋ ቆርጧል። ቤቱን ሽጪውና ሌላ ፈልጊ ይለኛል። አልሸጥም። ኤፍራይን ደግሞ ደውሎ ተይው፣ ለምጄዋለሁ አለኝ። ምኑን ነው የለመድከው? ማንም አይልመድ። ጥርሴን እየቦረሽኩ ያቺን ሲንክ ሳያት ቆየሁ። ቢጫ፣ የተሰነጠቀች፣ ሁለት ቧንቧ ያላት... ለዚች ብዬ?

ግን እኮ... ለምንድን ነው የምገፋት?

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 8

የነዋሪዎቹ ስብሰባ መግቢያው አዳራሽ ነበር። እጄን አወጣሁ። ወይዘሮ ሃርግሮቭ ጉዳዩ ተዘግቷል አሉ። ተነሥቼ ቆምኩ።

"ሲንኩን አላንቀሳቅሰውም። ነቅዬ አወጣዋለሁ፣ ቧንቧውም ይደፈናል። ሕጉ የሚከለክለው ውሃ መጨመር ነው ወይስ መቀነስ?"

ሁሉም ባንዴ ማውራት ጀመረ። ወይዘሮ ሃርግሮቭ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ፊትዎን የት ሊታጠቡ ነው?"

"ወጥ ቤት።"

"ጥርስዎንስ?"

"ወጥ ቤት።"

እንዲህ ያለ ቤት ማንም እንደማይገዛኝ፣ የሁሉም ሰው ድርሻ እንደሚረክስ ረጋ ብለው አስረዱኝ። ደግ ሴት ናቸው፣ አልክድም። እኔ ግን ትዕግሥቴ አልቋል።

"ልሸጠው አልገዛሁትም። ከዚህ ቤት የምወጣው ሰዎች ተሸክመውኝ ነው። ወንድሜም እንደዚያው።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ፓስተርናክ! ከራሳቸው በላይ ያለውን ውሃ ልቀንስ የምትል ሴት በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም፣ ይሄን የሚቃወም ካለ አልጋቸው ላይ መጥቶ ይተኛ አሉ። መጀመሪያ እጅ ያነሡት እሳቸው ናቸው። ሌሎቹም ተከተሉ። ወይዘሮ ሃርግሮቭ ብቻ አላነሡም። ውሳኔውን ግን እየጎረበጣቸውም ቢሆን ጻፉት።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 23

ሲንኩ ወጣ። ሁለት ሰው ተሸከመው። ልስኑ ሲፈርስ የዘጠና ዓመት አቧራ ዋጥኩ። ወጥ ቤት ተጎንብሼ፣ ከድስቱ አጠገብ ጥርሴን ቦረሽኩ። ምን ሆንኩ? ምንም።

ሐሙስ፣ ሜይ 8

አግሮን በሩን በፈለገው መንገድ ሊገጥመው ነበር። ቆይ አልኩና ለኤፍራይን ደወልኩ። በዚህ ጊዜስ ጠየቅኩት! ወደ ውጭ ይከፈት፣ መቀርቀሪያው እሱ ሲቀመጥ በእጁ ልክ ይሁን አለ። ቀለሙስ?

"ቀይ።"

ቀይ? ለመታጠቢያ ቤት? አግሮን ስልኩን ተቀብሎኝ ሊያግባባው ሞከረ። ተሸንፎ መለሰልኝ። ቀይ ይሆናል።

እሑድ፣ ጁን 1

መጣ። አሳንሰሩ ውስጥ ከፓስተርናክ ጋር ተገናኝተው ስለ ቤዝቦል ሲጨቃጨቁ ነው አምስተኛ ፎቅ የደረሱት። ሩዝ ከባቄላ ጋር ሠርቼ ነበር። ቀምሶ ጨው ጎድሎታል አለ። እንኳን ደህና መጣህ!

ከምሳ በኋላ ዊልቸሩን ወደ መኝታ ቤት አዞረ። ተከትዬው ተነሣሁ፣ ምናልባት እጄን ቢፈልግ ብዬ። የመታጠቢያ ቤቱን ቀይ በር አፍንጫዬ ላይ ዘጋው። መቀርቀሪያው ቀጭ ሲል ሰማሁ።

ቆየ። እጅግ ቆየ። አንድ ነገር ወድቆ ተንከባለለ። ወዲያው በስፓኒሽ ሲሳደብ ሰማሁት፣ ከዚያ ማንጎራጎር ጀመረ። ክንዱ ጠንካራ ነው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም... ቢንሸራተትስ? እጄ ወደ በሩ ሄደ። መለስኩት። መልሶ ሄደ።

በመጨረሻ አንኳኳሁ።

"ጠብቂ" አለኝ።

ጠበቅኩ።