ከወለሉ ሥር የሚሰማው ውኃ

ውድ አባባ፣

ጉልበትዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? ያ ሳል ለቀቀዎት? እህልስ ይወርድልዎታል? እኔ በሐሳቤ ከደጅዎ ጠፍቼ አላውቅም። ከናፍቆትዎ በቀር አንዳች የጎደለኝ ነገር የለም፤ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ይህን የምታነብልዎት ታናሽ እህቴም እንደምን አለች? ደብዳቤ ሲረዝምባት መስመር እንደምትዘል ስለማውቅ፣ ዛሬ አንዲት ቃል እንዳትዘል አደራ ብያታለሁ።

ባለፈው እህቴ በስልክ፣ «ከክፍሌ ወለል ሥር ውኃ ሲሄድ ይሰማኛል» ማለትዎን ነገረችኝ። ወንድሜ ቧንቧውን ሁሉ አይቶ ምንም የለም ብሏል፤ ዕድሜ ነው፣ ጆሯቸው እያታለላቸው ነው፣ ብቻቸውን ማደር የለባቸውም ብሎ እሱ ቤት ሊወስድዎት ቆርጧል አሉ። እርስዎ ደግሞ ከክፍልዎ መውጣት ሳይፈልጉ፣ ክርክሩ ሰልችቶዎት ዝም ብለዋል። ሆዴን ያባባው ዝም ማለትዎ ነው። ስለዚህ እዚህ የሆነውን ላጫውትዎ።

እንደሚያውቁት የምሠራው በአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው፤ የኮምፒውተርና የኔትወርክ መስመሮቹን የምጠብቅ እኔ ነኝ። በየአልጋው ራስጌ የመጥሪያ ቁልፍ አለ። ሲጫኑት ጥሪው በግድግዳው ውስጥ ባለው ገመድ ሄዶ አስታማሚዋ ፊት ካለው ስክሪን ይደርሳል። ከኮሪደሩ መጨረሻ ያሉ፣ ልብስ ሰፊ የነበሩ አንዲት እናት፣ ከሰዓት በኋላ ብጣራ የሚመጣልኝ የለም እያሉ ያማርሩ ጀመር። ጠዋት ሄደን ስንሞክረው ቁልፉ ልክ ነው። አስታማሚዋ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን መርሳት ጀምረዋል፣ ሳይጫኑ የተጫኑ ይመስላቸዋል ብላ፣ በሩ ከውጭ ወደሚቆለፈው ክፍል እንዲዛወሩ ጠየቀች። እሳቸው ይህን ሲሰሙ አልተሟገቱም። መርፌና ክራቸውን ሰብስበው በጨርቅ መጠቅለል ጀመሩ።

አንድ መሣሪያ አለን፤ ከሳሙና ትንሽ የሚተልቅ ሳጥን ነው። ገመዱን መሐል ላይ ፈትተን እሱን እናስገባዋለን። ራሱ አንድ ቃል አይናገርም። በዚያ የሚያልፈውን መልእክት ሁሉ ሳያስተጓጉል እየሰማ፣ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሄደ ከነሰዓቱ ይይዛል። ሳስገባው እርስዎ ትዝ አሉኝ። በቧንቧ ሠራተኝነትዎ ዘመን፣ ከመሬት ሥር የሚያፈሰውን ለመስማት ያንን የብረት ዘንግ መሬት ላይ አቁመው፣ ጫፉን ከጆሮዎ አስጠግተው፣ እኛን ዝም በሉ ይሉን ነበር። ይኸው ዞሬ ዞሬ በእርስዎ ሙያ ገባሁ፤ ልዩነቱ የእኔ ቧንቧ እግር አለማራሱ ነው።

በማግስቱ የያዘውን ከፍቼ ሳይ የእኚያ እናት ጥሪ አለ። ከሰዓት በኋላ ደጋግመው ተጭነዋል። ጥሪው ከክፍላቸው ወጥቷል፤ ነገር ግን አንድ ዓይነት መልእክት እልፍ ጊዜ እየተመላለሰ መስመሩን ስላጨናነቀው፣ አስታማሚዋ ዘንድ አልደረሰም። ገመዱን ተከትዬ ሳሎኑ ውስጥ ካለው ቴሌቪዥን ኋላ ደረስኩ። እዚያ በአንድ ገመድ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ትንሽ የመስመር ማከፋፈያ አለ። አስታማሚያችን የተንጠለጠለ ነገር ማየት አይሆንላትም፤ ከማከፋፈያው ላይ ትርፍ ገመድ ተንጠልጥሎ ብታይ፣ ጫፉን እዚያው ማከፋፈያ ላይ ባለው ባዶ ቀዳዳ ሰክታዋለች። በዚህ የወጣው በዚያ እየገባ ይዞራል። ማከፋፈያው የሚበራው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ብቻ ነው። ጠዋት ስንሞክረው ደህና የሆነው ለዚህ ኖሯል። ገመዱን ብነቅለው ነገሩ በዚያው አለቀ።

አስታማሚዋን ክፍላቸው ድረስ ይዣት ሄድኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጃቸውን ያዘችና፣ «እማማ፣ ተጣርተውኝ ነበር» አለቻቸው። እሳቸውም፣ «እኔም እኮ መጫኔን መጠራጠር ጀምሬ ነበር» አሉ። የጠቀለሉትን ጨርቅ ፈታሁላቸው። እዚያው ክፍላቸው ቀሩ።

አባባ፣ ያን ጊዜ ነው እርስዎ ድቅን ያሉብኝ። ወንድምዓለም፣ ይህ ለአንተ ነው። ለአባባ ብለህ እንደምትደክም አውቃለሁ፤ ቅር አይበልህ። ግን ቧንቧውን ያየኸው የሰፈሩ ውኃ በሚጠፋበት ሰዓት እንደሆነ እህታችን ነግራኛለች። ውኃው ሲመጣ የቤቱን ቧንቧ ሁሉ ዝጋ። ዘንጉ ከበሩ ኋላ አለ፤ አባባ በሚያሳዩህ ቦታ ላይ አቁመህ ጆሮህን አስጠጋ። ማንም አያውራ። ምንም ካልሰማህ ዘንጉን ለእሳቸው ስጣቸው፤ ካንተ ጆሮ የእሳቸው የሠለጠነ ነው። እስከዚያ አልጋቸው ከክፍላቸው ንቅንቅ አይበል።

ለወንድሜ ባለቤት የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳት። ትንሿ ልጃቸው የወለቀው ጥርሷ በቀለ ወይ? ግንባሯን ሳሙልኝ። እህቴን፣ ሳትዘል እዚህ ከደረሰች፣ ሁለቱንም ጉንጯን ስሜያታለሁ። አይጥ መያዝ ለተወችው ድመትም ሰላምታዬን ንገሩልኝ።

እርስዎ ግን አባባ፣ ዘንጉ እስኪመሰክርልዎት አይጠብቁ። ሰማሁ ብለዋል፤ እኔ አምኛለሁ። መስማትዎን እንዳይጠራጠሩብኝ።

ልጅዎ

ከመኖሪያው ምድር ቤት፣ ከገመዶቹ ክፍል
መጋቢት 12 ቀን