እንግዳ ሲመጣ ብቻ ስለሚከፈተው የኋላ በር

ለተከበሩ የልብስ ስፌት ፋብሪካው ዋና ሥራ አስኪያጅ፦

ጌታዬ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንና መላ ቤተሰብዎን በሙሉ ጤና፣ ነፋስ በሚገባበት ክፍልና ሲገፉት በሚከፈት በር አጠገብ እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ባለፈው ዓመት በኢኮኖሚክስ ተመርቄ፣ ሥራ ፍለጋ ጫማዬን የጨረስሁ፣ ተስፋዬን ግን ገና ያልጨረስሁ ወጣት ነኝ። ታላቅ እህቴ በፋብሪካዎ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሸሚዝ እጅጌ ትሰፋለች። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ዓለም አቀፍ ንግድ ጥቅምና ጉዳት ስለነበር ጥቅሙን አልክድም፤ የበላሁበትን ወጪት ሰባሪ አይደለሁም። እኔን ያስተማረኝ፣ የእናታችንንም መድኃኒት የሚገዛው ባሕር ማዶ ያሉ፣ አይተናቸው የማናውቅ ሰዎች የሚለብሱት እጅጌ ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን አስቀድሜ፣ ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ሠራተኛ ሸሚዝ እንዳይሰርቅ ተብሎ የሚቆለፈው፣ ፊት ለፊቱም ካርቶን የሚደረደርበት፣ የአደጋ ጊዜ መውጫ የሆነው የኋላ በር፣ የውጭ ገዢዎች ሲመጡ ማጠፊያው ዘይት ተቀብቶ ወለል ብሎ ስለሚከፈት እናመሰግናለን። ያን ቀን ማራገቢያው ይዞራል፤ መታጠቢያ ቤቱም ሳሙና ያያል። የእህቴ ባልደረቦች «ዓለም መጣ፤ ዛሬ እንኳ እንተንፍስ» ይባባላሉ። እንግዶቹ መኪናቸው ውስጥ ሲገቡ ካርቶኑ ወደ ቦታው ይመለሳል።

፪. ለእንግዶች ዓይን እንዲያምር፣ ፊሽካ ሲነፋ በኋላው በር ተሰልፈው እንዲወጡ ሠራተኞቹን አሠልጥነዋቸዋል። ትምህርቱ ዘልቋቸዋልና ደስ ይበልዎት። ባለፈው ወር የአንድ ስፌት መኪና ሞተር ተቃጥሎ አዳራሹ በጭስ ሲታፈን፣ ሁሉም እንደተማሩት ወደ ኋላ በር ሮጡ። ያን ቀን ግን እንግዳ አልነበረም። ቁልፉም ከጥበቃው ኪስ ጋር ምሳ ሄዶ ነበር። ጭሱ በራሱ ጊዜ ባይበተን ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ዓይነት ደብዳቤ ነበር። እህቴ በበሩና ከኋላዋ በሚገፋው ሰው መካከል ተጣብቃ የግራ እጇ አንጓ ወለም አለ። በማግሥቱ፣ ሠራተኞቹ «ቶሎ በሉ» የሚል ቅጽል ስም ያወጡላቸው የስፌት መስመር አለቃ፣ «መርከብ ቆሞ አይጠብቅሽም፤ እሰሪውና ስፊ» ብለው ስለፈቀዱላት፣ ቸርነታቸውን እግዜር ይቁጠርላቸው።

፫. ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስለ በሩ ብጠይቅዎ፣ «ወንድሜ፣ ገዢው ዋጋ ሲቀንስብን እኛ ምን እናድርግ? ካበዛንበት ሥራውን ወደ ሌላ አገር ይወስደዋል» አሉኝ። እውነትዎን ነው፤ ፈተና ላይ ብጽፈው ሙሉ ነጥብ የሚያሰጥ መልስ ነው። ብቻ በር ሳይቆልፉ መዋል የትኛውን ገዢ እንደሚያስኮርፍ ያነበብሁት መጽሐፍ ሁሉ አልነገረኝም። እኔም ፋብሪካው ይዘጋ አላልሁም፤ በሩ ይከፈት ነው ያልሁት።

ፈርቼ እህቴን ሥራውን ተዪው ብላት፣ «ትቼ ምን ልብላ፣ ዲግሪህን? ተማርሁ ካልህ በሩን አስከፍትልኝ» አለችኝ። ከተመረቅሁ ወዲህ መጀመሪያ የታዘዝሁት ሥራ ይኸው ነው፤ እርሷ ዛሬም፣ ይህን በሚያነቡበት ሰዓት፣ ከዚያ ካርቶን ኋላ ተቀምጣ ትሰፋለች።

ዕድሜና ጤና እየተመኘሁልዎ፣ ካርቶኑን ለማንሳት ትከሻዬን በነጻ ለማዋስ የተዘጋጀሁ፣

አክባሪዎ፣ የእጅጌ ሰፊዋ ታናሽ ወንድም።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቀድሞ ባስገባሁት የሥራ ማመልከቻ፣ ሐሙስ ለሚመጡት ገዢዎች እንዳስተረጉም ትናንት ከቢሮዎ ተደውሎልኝ፣ የደወለው ሰው የማን ወንድም እንደሆንሁ ስላልጠየቀኝ፣ በደስታ ተቀብያለሁ። እንግዶቹ «ይህ በር ሁልጊዜ ክፍት ነው?» ብለው የጠየቁ እንደሆነ የእርስዎን መልስ ሳልጨምር ሳልቀንስ እተረጉማለሁ፤ ቀጥዬም እጇ የታሰረውን ሰፊ ጠይቄ የእርሷንም እንዲሁ እተረጉማለሁ። በሩ ከዛሬ ጀምሮ ክፍት ከሆነ ሁለቱ መልሶች አንድ ስለሚሆኑ ሥራዬን ያቀልሉልኛል። ሌላ አስተርጓሚ ቢፈልጉም አልቀየምም፤ ይህን ደብዳቤ በእንግዶቹም ቋንቋ ጽፌዋለሁ።