ለሁሩሙ መስመር ተራ አስከባሪ፣ ስለ ወገቤ ስፋት

መቱ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ያደታ ጭምዴሳ
የመቱ – ሁሩሙ መስመር ተራ አስከባሪ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን አለ? ጉሮሮዎስ? በየማለዳው ያለ አንዳች ድምፅ ማጉያ ከመናኸሪያው በር እስከ ገበያው ድረስ የሚሰማውን ያንን ድምፅ እግዚአብሔር ከብርድና ከአቧራ ይጠብቅልዎ። እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደኅና ነኝ። ቁርሴንም በልቻለሁ።

ስሜ ዕፀገነት ወንድይራድ ይባላል። በዚህ ስም ላያውቁኝ ይችላሉ። «ፉርዶ» ብዬ ብፈርም ግን ወዲያው ያስታውሱኝ ነበር። ወፍራሟ ማለትዎ ነው፤ እኔም አፋን ኦሮሞን ከአማርኛ እኩል እየሰማሁ ያደግኩ የመቱ ልጅ ስለሆንኩ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ዕድሜዬ ሠላሳ ስድስት ሲሆን፣ ሁሩሙ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ ብልክልዎ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ክቡርነትዎ ስለ እኔ ያለዎትን አስተያየት አንድም ቀን አሽገው ስላልላኩልኝ፣ እኔም የእርስዎን አርአያ ተከትዬ ሰው ሁሉ በሚሰማበት መናገሩን መረጥኩ። ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ስለ መጀመሪያው ቀን። በመስከረም 2015 ሥራ የጀመርኩ ዕለት አዲስ ቀሚስ ለብሼ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ ወደ መናኸሪያው ስገባ፣ እርስዎ በመጀመሪያ ከላይ እስከ ታች፣ ቀጥሎም ከግራ እስከ ቀኝ ተመለከቱኝ። ሁለተኛው ጥቂት ጊዜ ወሰደብዎ። ከዚያም ሾፌሩን ጠርተው፣ «ይቺ ብቻዋን ትርፍ ናት! ከኋላ አስገባትና ቀጭን ሰው ፈልግላት!» አሉት። ለሦስት ሰው በተሠራ የኋላ ወንበር ላይ አራት ሰው ማስቀመጥ የክቡርነትዎ ልዩ ሙያ እንደሆነ፣ ከልክ በላይ የሚጫነው ሰውም ትርፍ እንደሚባል መንገደኛ ሁሉ ያውቃል። ገና ሳይጫን ትርፍ የሆነ ሰው ግን በመስመሩ ታሪክ እኔ የመጀመሪያዋ ሳልሆን አልቀርም። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ወፍራም ሴት ቀድማ ካልሳቀች ሳቁ ቶሎ እንደማያልቅ ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቃለሁና።

፪ኛ/ ቀጭኑን ሰው ስላገኙልኝ። ከሰልፉ መሐል አንድ ሰው እጅጌውን ይዘው ጎትተው፣ «ና አንተ ክር! ከፉርዶዋ ጎን ግባ፤ ሚዛን ትጠብቃላችሁ!» አሉት። ሰውየው ዋቁማ ነበር። መቱ ይኖራል፤ ሁሩሙ ገበያ አጠገብ በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ ልብስ ይሰፋል። እናቱን እስከ መጨረሻዋ ቀን ሲያስታምም ትዳር ሳይዝ አርባ ዓመት ሊሞላው ነበር። ከዚያን ዕለት ጀምሮ በየማለዳው እኔን ከእሱ፣ እሱን ከእኔ ጋር ያጣምሩን ነበር፤ በዚህ ረገድ ያሳዩት ትጋት ከብዙ አማላጅ በላይ ነው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሰላምታ በቀር ቃል አልተለዋወጥንም። እሱ ትከሻውን ሰብስቦ፣ እኔ ሆዴን ስቤ፣ የፊት ወንበሩን ጀርባ እያየን ሁሩሙ እንደርሳለን። በጥቅምት ዝናቡ አልቆም ብሎ በእኔ በኩል ያለው መስኮት አላስዘጋ ሲል፣ ውሃው እስከ ሁሩሙ ትከሻዬ ላይ ሲንጠባጠብ ሄደ። በማግሥቱ ዋቁማ ጥጥ የተሞላበት ቀጭን የጨርቅ ጥቅልል ከኪሱ አውጥቶ ክፍተቱ ውስጥ ሻጥ አደረገው። ልክክ አለ።

«ልኩን መቼ ወሰዱት?» አልኩት።

«ትናንት፣ በዓይኔ» አለኝ።

የመስኮትን ልክ በዓይኑ የሚወስድ ሰው ሦስት ሳምንት አጠገቤ ተቀምጦ የኔን ልክ ሳይወስድ አይቀርም ብዬ ሳስብ እስከ ጆሮዬ ጋለኝ። ኅዳር ሲገባ አንቱ መባባሉን ተውን። እሱ ያዮ ጫካ ውስጥ ቡና ሲለቅም ስላሳለፈው ልጅነቱ ሲያጫውተኝ፣ እኔም መዝገብ ቤታችን ውስጥ ስለሚጠፉት ፋይሎች ስነግረው መንገዱ አጠረብን። ክቡርነትዎ፣ ያንን ሁሉ ጨዋታ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ነበር የፈቀዱልን።

፫ኛ/ ስለ ጤንነቴ ስለ ተጨነቁልኝ። ሰውየውን ስወደው ሰውነቴን ጠላሁት። እርስዎ በየማለዳው «ፉርዶ መጣች፤ ጎማ ንፉ!» ሲሉ እሱ አጠገቤ ቆሞ ይሰማ ስለነበር፣ የሚሰማውን ነገር ከሥሩ ላጠፋው ቆረጥኩ። አብሬያት የምኖረው አክስቴ እትዬ መንበረ ይህን ስትሰማ እልል ማለት ነበር የቀራት። በማለዳ ፌጦ በሎሚ፣ ቀን የተቀቀለ ጎመን፣ ማታ ደግሞ ሺፈራው የሚባለውን ቅጠል በሙቅ ውሃ አዘዘችልኝ። ከዚህ በፊት በቤታችን የወንድ ስም ያለው ነገር ጠዋት ማታ ተጠርቶ ስለማያውቅ ጎረቤቶቻችን ባል ያገባሁ መስሏቸው ነበር። «ዕፀዬ፣ ሺፈራው ዛሬ እንዴት ነው?» ስትለኝ በአጥሩ በኩል ጆሮ የሚጥሉ ሰዎች ነበሩ።

አንድ ቀን ዋቁማ ከገበያ የገዛውን ማር ከነሰፈፉ በቅጠል ጠቅልሎ አመጣልኝ። ሽታው አፌን በምራቅ ሞላው። «ጥርሴን ያመኛል» ብዬ መለስኩለት። ቅጠሉን መልሶ ሲጠቀልል ጣቶቹ ቀስ አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ምንም ይዞልኝ አልመጣም። አልወደደችኝም ብሎ አስቦ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

፬ኛ/ ስለ ጋቢናው። በየካቲት ልብሶቼ ሁሉ ሰፉኝ። ክቡርነትዎም ይህን ከሁሉ ቀድመው አይተው በዚያው ድምፅዎ፣ «አሁን ሰው መሰልሽ! ነይ፣ ጋቢና ግቢ!» ሲሉ አወጁ። ከዚያ በፊት ምን እንደምመስል ባይነግሩኝም ገምቻለሁ። ዋቁማ ግን በኋላ ወንበር ቀረ፤ እኔ በለቀቅኩት ቦታ የያዮዋን ማር ነጋዴ ወይዘሮ በየነችን አስቀመጡበት። ወይዘሮ በየነች በውፍረት እኔን እጥፍ፣ በጨዋታ ደግሞ አሥር እጥፍ ናት። እንግዲህ አራት ወር ተርቤ ያተረፍኩት ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ፣ የምወደው ሰው ከሌላ ሴት ጋር ሲስቅ በመስታወት ማየት ሆነ።

አምስተኛው ላይ ስደርስ ቁጥር መስጠቱ ስለከበደኝ እንዲሁ እቀጥላለሁ።

በመጋቢት አንድ እሑድ ብርቱካን ይዘው ቤታችን መጡ። እኔ ጓዳ ውስጥ ሺፈራውን እየጠጣሁ ነበር፤ ክቡርነትዎ ደግሞ በዝግታ መናገር ስለማይሆንልዎ ለአክስቴ ያሏትን አንድም ቃል አላመለጠኝም። «እኔ ድሮም ፊቷን ወድጄው ነበር፤ የቀረው ነው ያስቸገረኝ። አሁን ትንሽ ነው የሚቀራት፤ እስከ ፋሲካ ከጨረሰችው ለዳግማ ትንሣኤ ሽማግሌ እልካለሁ» አሉ። እትዬ መንበረ እርስዎን እስከ በር ሸኝታ ተመለሰችና፣ «ሁለት ሚኒባስና የብሎኬት ቤት ያለው ሰው ደጃችን ድረስ መጥቶ ይመለሳል? ሠላሳ አምስት ዓመትሽ ነው እኮ» አለችኝ።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ። እምቢ አላልኩም። «ላስብበት» አልኩ፤ ለሦስት ቀንም ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ። ለብዙ ዓመት የተሳቀባት ሴት፣ ሳቂው ራሱ ብርቱካን ይዞ ሲመጣ የምታስበው ነገር ሁሉ ትክክል አይሆንም።

ሽማግሌዎቹ በሚመጡበት ቀን የምለብሰውን ቀሚስ ወገቡን እንዲያጠብብልኝ ወደ ዋቁማ ወሰድኩት። ወገቤን ለካ፤ ቁጥሩን ጽፎ ለምን ቀን እንደሚደርስ ጠየቀኝ። ቀኑንም ምክንያቱንም ነገርኩት። ሜትሩን አንገቱ ላይ መልሶ ሰቀለና፣ «እንኳን ደስ ያለሽ» አለ፤ ድምፁ ግን የታመመ ሰው ድምፅ ነበር። በሦስተኛው ቀን ቀሚሱን ወስጄ ቤት ስለካው ልክ ነው። ገልብጬ ሳየው ግን በሁለቱም ጎን አራት አራት ጣት የሚሆን ጨርቅ ሳይቆረጥ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ የተያዘውም በቀላሉ በሚፈታ፣ ራቅ ራቅ ባለ ስፌት ነው።

በማግሥቱ በምሳ ሰዓት ሱቁ ሄድኩ።

«ይህን ሁሉ ጨርቅ ለምን ሳትቆርጠው ተውከው?» አልኩት።

«ያንቺ ስለሆነ ነው» አለኝ፤ ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ሳይል። «መመለስ ብትፈልጊ ቦታ እንዳታጪ ብዬ።»

ቀጥሎም ቀና አለና፣ «እኔማ ጋቢና ከገባሽ ወዲህ እየከሳሁ ነው፤ ከዚህ በላይ የምቀንሰው ደግሞ የለኝም» አለ። መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ አለቀስኩ፣ በመጨረሻም ራሴን አዞረኝና ደንበኞች የሚቀመጡበት ዱካ ላይ ዘፍ አልኩ። ምን እንደበላሁ ጠየቀኝ። ጎመን አልኩት። ሮጦ ወጥቶ ከጎረቤት ምግብ ቤት ጨጨብሳ ይዞ ተመለሰ፤ ጾም ስለነበር በቅቤ ፈንታ በዘይት የተሠራ፣ ማር የተደረገበት። ሳህኑን ጨርሼ ቀና ስል እጁን አጣጥፎ ያየኛል። በሕይወቴ ስበላ እንደዚያ ደስ ብሎት ያየኝ ሰው አልነበረም።

የሚቀጥለውን ማለዳ ክቡርነትዎ ራስዎ ያስታውሱታል። የጋቢናውን በር ከፍተው ሲጠብቁኝ በፊትዎ አልፌ ወደ ኋላ ገባሁ። «ዕፀገነት! እዚያ እኮ አራት ሰው ሞልቷል!» አሉ። በስሜ ሲጠሩኝ የመጀመሪያ ጊዜዎ ነበር፤ እንደሚያውቁት እንኳ አላውቅም ነበር።

«እንግዲያው አንድ ሰው ይውረድ፤ እኔ ከዚህ ሰው ጎን ነው የምቀመጠው» አልኩ። «አክስቴን የጠየቋትንም ነገር እኔን ቢጠይቁኝ ኖሮ መልሱ ‹አይሆንም› ነበር።»

ያን ጊዜ ወይዘሮ በየነች ከዋቁማ ጎን ተነሥታ፣ «እኔ እወርዳለሁ። ጋቢና ተቀምጬ አላውቅም፤ ዛሬ ልሞክረው» አለችና የማር ጀሪካኗን አቅፋ ከፊት ገባች። በሩን የዘጉት በሦስተኛው ግፊት ነው፤ ሾፌሩም እስከ ሁሩሙ በግማሽ መቀመጫ ነዳ። መንገድ ላይ ያለውን ድልድይ ስናልፍ ዋቁማ ቀስ ብሎ፣ «ቦታ አለሽ?» አለኝ። «አለኝ» አልኩት። ባለፈው ጥር ተጋባን። እትዬ መንበረ ሁለቱን ሚኒባሶች አሁንም አልፎ አልፎ ታነሣቸዋለች፤ ነገር ግን አዲስ ቀሚስ በነፃ ከተሰፋላት ወዲህ ድምጿ ለስልሷል።

እንዲህ ከሆነ ምን አስጻፈሽ ይሉኝ ይሆናል። ባለፈው ሰኞ ጃለኔ የምትባል፣ ለሁሩሙ ጤና ጣቢያ አዲስ የተመደበች ነርስ በዚያው በር ስትገባ ያሏትን ሰምቻለሁ። እሷ አብራ መሳቅን ገና አልተማረችም። አጠገቤ ተቀምጣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ስታለቅስ ሄደች፤ ሐሙስ ዕለት ምሳ ስጋብዛት ደግሞ ጥርሷን እንደሚያማት ነገረችኝ። ጥርሷ ደኅና ነው፣ ክቡር ሆይ። ያንን ሕመም እኔ አውቀዋለሁ። ደግሞም ያንን ሁሉ ከተራበች በኋላ ቀሚሷን ገልብጣ የተተወላት ጨርቅ የምታገኝ ሁሉም ሴት አይደለችም።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። የክቡርነትዎ ሥራ መንገደኛ ወዴት እንደሚሄድ መጥራት እንጂ ምን እንደሚመስል መጥራት አይደለም። «ሁሩሙ፣ ሁሩሙ» ማለት ለጉሮሮም ይቀላል። ይህ ከከበደዎ እኔና ወይዘሮ በየነች በየማለዳው ከጎንዎ ቆመን፣ ስለ እርስዎ የምናየውን በዚያው ድምፅ እየተናገርን ለማገዝ ዝግጁ መሆናችንን አረጋግጣለሁ።

ረጅም ዕድሜ፣ ያልተቋረጠ ጤና፣ ዝናብ የማይገባበት ጥላና ሰፊ ትዕግሥት እየተመኘሁልዎ፣ ሳያስቡት ለዋሉልኝ ውለታ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣

ዕፀገነት ወንድይራድ
የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የልብስ ሰፊ ሚስት

ግልባጭ፦
በመናኸሪያው ለሚገኙ ተሳፋሪዎች በሙሉ

ጨምሬ የማሳውቅዎ፦ ባለፈው ሳምንት በወንድምዎ ስም ወደ ሱቃችን የተላከው ጥቁር ሱሪ፣ እንደታዘዘው ወገቡ በአምስት ጣት ሰፍቶ ተዘጋጅቷል። ወንድም እንደሌለዎ አውቃለሁ። ባለቤቴ የደንበኛን ልክ ለማንም የማይናገር ሰው ነው፤ እኔ ግን ልብስ ሰፊ አይደለሁም። መጥተው በራስዎ ስም ይውሰዱት። እኛ ዘንድ ሰው ሲለካ በሩ ይዘጋል፣ ቁጥሩም ጮክ ተብሎ አይነበብም።