ስምሽን ከግርዶሹ አጠገብ ጻፍኩት

እህትዓለም፣

እዚህ አንድ መነጽር ሠሪ ከዚህች ከተማ የሚታዩትን መጪ የፀሐይና የጨረቃ ግርዶሾች ዘርዝሮ ሱቁ በር ላይ ለጥፏል። ማየት የሚፈልግ ከቀኑ አጠገብ ስሙን ይጽፋል፤ ለፀሐዩ መከላከያ መነጽር ይቀመጥለታል። ዛሬ የመነጽር ሠሪው እናት እስክሪብቶዬን ተቀብለውኝ ከሃያ ዓመት በኋላ ለሚመጣው ተመዘገቡ።

«እማዬ፣ ያኔ እኮ መቶ ሦስት ይሞላሻል!»

«አንተ ምን ቸገረህ? ወንበሬን ብቻ አዘጋጅ።»

ሳቅሁ። ወዲያው የሐሙሱ የዓይንሽ ቀዶ ሕክምና ትዝ አለኝና ሳቄን አቋረጥኩ። አጠገብሽ መሆን ነበረብኝ። እኛ አገር «ካደረሰን» ሳንል ስለ ነገ አናወራም፤ እኚህ ሴትዮ ግን ወንበር ያዛሉ። ቀናሁባቸው። እስክሪብቶዬን መልሼ ተቀበልኩና ከመጪው ዓመት የፀሐይ ግርዶሽ አጠገብ ስምሽን ጻፍኩ፤ የእኔን ከሥሩ።

«ጓደኛዎ በእርግጥ ትመጣለች?» አለኝ መነጽር ሠሪው።

እናቱ ቀደሙኝ፦ «ስሟ ተጽፎ የለም እንዴ!»

የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። ይህን የሚያነብልሽን ባልሽን እቀፊልኝ፤ እዚህ ላይ ቀስ ብሎ ያንብብ። ፋሻሽ ሲፈታ ግን አንቺው ራስሽ ድገሚው።